ተራ የሚጠራው ሽማግሌ

ኮሮና በረድ ባለበት ዓመት ጅግጅጋ ዳር ባለ የእህል መጋዘን ንብረት ክፍል እሠራ ነበር። ለሸደር የስደተኞች መጠለያ የሚሄደው ስንዴ የሚጫነው ከእኛ ዘንድ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ሁለት ቡድን ናቸው፤ አንዱ የከተማው፣ ሌላው ከደምበል ወረዳ የመጡት። መኪና ሲገባ የማን ተራ እንደሆነ የሚጠራው ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ነበር። ጆንያ አያነሳም። ጥላ ስር ተቀምጦ ይጠራል፤ የጠራው ይጭናል፣ ሌላው ይጠብቃል።

ከአዲስ አበባ የተሾመው ሥራ አስኪያጅ ግን ያየው የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው።

"ይሄ ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው?"

"ተራ ይጠራል።"

"ለዘበኛው ፊሽካ እገዛለታለሁ።"

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። በማግስቱ ሽማግሌውን አሰናበተ፣ ሁለቱን ቡድን ቀላቀለ፣ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም አብሮ እንዲጭን ማስታወቂያ ለጠፈ። ማንንም አላነጋገረም። ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ ከጫኞቹ አብዛኞቹ አማርኛ አያነቡም።

"አዲስ አሠራር መጀመሪያ ያንገራግራል፣ ኋላ ይለመዳል" አለኝ።

የመጀመሪያው መኪና ገባ። ዘበኛው ፊሽካ ነፋ። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ የመኪናው ጎን፣ ስፖንዳው ላይ ተንጠለጠለ። አንዱ የሌላውን እግር ይዞ ሲጎትት የተጎተተው አፉ ከብረቱ ጋር ተጋጨ፤ ጥርሱን ከነደሙ ለመጫን በተደረደረው ስንዴ ላይ ተፋ። ከዚያ አካፋ ተነሳ። ሽማግሌው ከበሩ ውጭ ነበር፣ ቢሰናበትም ከልማዱ አልቀረም። መሃል ገብቶ እጁን ሲዘረጋ አንድ የደምበል ጫኝ ለሌላ ሰው የሰነዘረው አካፋ ከጆሮው በላይ አገኘው። ቆዳው ተገልጦ ጆሮው ላይ ተንጠለጠለ። ጠቡ እዚያው ቆመ።

ሽማግሌውን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። መቺው አካፋውን ጥሎ ወደ እኔ መጋዘን ሮጠ፣ ሥራ አስኪያጁም ሊደበቅ ተከተለው። የብረቱን በር ከውስጥ ቆለፍኩ።

የሽማግሌው ልጆች ወዲያው ደረሱ። ድንጋይ በሩን ይደበድበው ጀመር።

"ባለቁልፉ፣ ክፈት። ከአንተ ጠብ የለንም" አለ ትልቁ በሶማሊኛ።

"አባታችሁ እንዴት ነው?"

"ነፍሱ አለች። ከወጣች አናንኳኳም፣ እናቃጥለዋለን።"

መቺው ጆንያዎች መሃል ተቀምጦ ነበር። "ከሞተ ክፈትላቸው" አለኝ። "ቤቴ ሄደው ወንድሜን ከሚያገኙ እኔን ያግኙ።"

ሥራ አስኪያጁ ፖሊስ ጠርቷል፤ "እየመጣን ነው" ብለውታል። የታችኛው ማጠፊያ በዲጂኖ ተነቀለ። በክፍተቱ ቢላ የያዘ እጅ ገባ፤ በሩን የሚገፋውን የሥራ አስኪያጁን መዳፍ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ሰነጠቀው። በትከሻው መግፋቱን ቀጠለ።

የትልቁ ልጅ ስልክ ጠራ። ድንጋዩ ቆመ። ስልኩን አነጋግሮ ሲጨርስ፣ "አባቴ ነው" አለ። "ሰውየውን ሳትነኩ በእግሩ እየሄደ አምጡልኝ ይላል። ክፈት።"

መቺው ራሱ ተነስቶ በሩ ጋ ቆመ። ከፈትኩ። ትንሹ ልጅ በዱላ አፉን አለው። ትልቁ ዞሮ ታናሹን በጥፊ መሬት ላይ ጣለው፤ "በእግሩ ተብለናል" አለ።

ሥራ አስኪያጁ መዳፉን በሸሚዙ ጠቅልሎ ቆሞ ቀረ።

"እርስዎም ይሂዱ" አልኩት።

"ምን ብዬ?"

"ያን ጊዜ አልጠየቁትም፤ አሁን ይጠይቁት እንጂ፣ ሌላ ምን ይላሉ።"

ሆስፒታል ስንገባ ሽማግሌው ጭንቅላቱ ታሽጎ ተንጋሏል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል።

"የመታኝ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ አዴር" አለ መቺው። አጎቴ ማለቱ ነው። ከከንፈሩ ደም ይንጠባጠባል።

ሽማግሌው ባልተዘጋው ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ለልጆቹ፣ "ውሃ ስጡት" አለ። ትንሹ አልተንቀሳቀሰም። "አንተ ስጠው" አለው። ሰጠው።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ፣ እኔ አስተረጎምኩ።

"አንተም ተቀመጥ። ምን ልትለውጥ ነበር? አሁን ንገረኝ።"