ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ

አሁን በምማርበት በአዲስ አበባ፣ ከማደሪያችን በታች ባለው ዳገት ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር፣ ከሞተሩ ጩኸት ሥር ቀጭን የሰንሰለት ድምፅ ይሰማኛል። ጓደኞቼ ልብ አይሉትም። እኔ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ድምፁ እስኪርቅ አዳምጣለሁ፤ ሳዳምጥም እስቴ ውስጥ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ያለው ግቢያችን፣ ቤንዚንና ገብስ የሚሸተው የአባቴ ጋቢ፣ የእትዬ ብርቄም ሳቅ አንድ ላይ ይመጡብኛል።

አባቴ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ወደ ሌላ አገር ከተዛወሩ ሹም የገዛት መኪና በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ፣ ጀርባዋ ክብ የሆነ ትንሽ አሮጌ መኪና ስለነበረች፣ የከተማው ሰው በመጠኗና በአዘላለሏ «ጥንቸሏ» ይላት ነበር። ብዙ ዕቃ ስለማትይዝ አባቴ አንድ በጋ ደብረ ታቦር ሄዶ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አሠራላት፤ አስመርምሮ፣ የራሱን ታርጋ አውጥቶለት፣ ከኋላው ቀይ መብራት አስገጥሞ አመጣው። ጎረቤቶች «ለጋሪም ታርጋ ወጣለት?» እያሉ ሲስቁበት እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ሲጭን ከባዱን ጆንያ ከጎማዎቹ በላይ፣ ጥቂት ወደ ፊት አድርጎ ይደረድር ነበር፤ ከኋላ ከከበደ ተሳቢው ጥንቸሏን ጅራቷን ይዞ ይወዘውዛታል ይል ነበርና። ቁልቁለትም ገና ከአፋፉ ማርሽ ቀንሶ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የሚጠነቀቅለት ሰንሰለቱን ነበር፤ መንጠቆው ተሳቢውን ከያዘ በኋላ እንኳ፣ ቢለቅ እንዲያስቀረው ብሎ፣ ከሥሩ በሰንሰለት ከመኪናዋ ጋር ያስረዋል። መርማሪውም ያለዚያ እንዳይጎትት አስጠንቅቆት ነበር።

የዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ሰዋስው ጀምረን ነበር። ትምህርቱ ባልገባኝ ቀን አባቴ ወደ ግቢ አውጥቶኝ፣ «ጥንቸሏ ባለቤት ናት፣ የምትጎትተው ተሳቢ ነው። ሰንሰለቱስ?» አለኝ። «ማሰሪያ አንቀጽ» ስለው፣ ጆንያ ላይ የተቀመጡት እትዬ ብርቄ፣ «እኔስ ምን ልባል? ጭነት?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

እትዬ ብርቄ የክርስትና እናቴ፣ ለአባቴም አበልጁ ነበሩ። ከእስቴና ከስማዳ ገብስና አተር እየገዙ ደብረ ታቦር ወስደው ይሸጡ ስለነበር፣ በበጋ ተሳቢው ከእኛ ይልቅ የእሳቸውን እህል ያመላልስ ነበር። በየፋሲካው ቀሚስ ይገዙልኛል፤ እናቴ ስትቆጣኝ ጉያቸው እገባለሁ።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና ጥንቸሏ ከቤታችን ጥግ ትቆም ነበር፤ ተሳቢው ደግሞ ሰፊ መጋዘን በነበራቸው በእትዬ ብርቄ ግቢ ይከርማል። በዚያ ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ እናቴ ልካኝ ቤታቸው ስሄድ፣ የሚቀልቡት ሰንጋ በተሳቢው ሰንሰለት ታስሮ አየሁት። «ገመዱን እየበጠሰ አስቸገረኝ፤ የሚያከብረው ብረት ብቻ ነው» አሉኝ። እኔም ስቄ ተመለስኩ፤ አበልጅ በአበልጅ ዕቃ ቢጠቀም ምን ይገርማል?

ጥቅምት ላይ መንገዱ ጠፈፍ ሲል አባቴ ተሳቢውን ሊያያይዝ ሄደ፤ እኔም ተከትዬው ነበር። እህሉ ተጭኖ ጠበቀን። ሰንሰለቱ ግን የለም።

«ሰንጋው አንገት ላይ ነው፤ ሰንጋው ደግሞ ከወንዝ ማዶ ለግጦሽ ወርዷል» አሉ እትዬ ብርቄ።

«እንግዲያው ሰው ልከው ያስመጡልኝ። ያለ ሰንሰለት አልጎትትም፣ አበልጄ።»

«እስኪመጣ ገበያው ይበተናል። መንጠቆው ይዞ የለም? ወይስ እኔን አላመኑም? አንድ ነገር ቢመጣ በእኔ ይሁን፤ በዚች ልጅ ክርስትና ይሁንብኝ።»

አባቴ አየኝ። በእኔ ክርስትና የተባለን ነገር እምቢ ማለት ከበደው፤ ይሉኝታ ያዘውና መንጠቆውን ሁለት ጊዜ ነቅንቆ አይቶ እሳቸውን ጥንቸሏ ላይ አሳፍሮ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ደረሰን። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መንጠቆው ለቆ፣ ተሳቢው ለብቻው ተንደርድሮ ከመንገዱ ዳር አህያ ይነዳ የነበረ ገበሬ እግር ሰብሯል።

ጉዳዩ በኅዳር ታየ። ዳኛው ያለ ሰንሰለት ለምን እንደጎተተ ሲጠይቁት፣ አባቴ የሆነውን ተናግሮ እትዬ ብርቄን ምስክር ጠራ። ነጠላቸውን አስተካክለው በወንጌል ማሉ፤ ከዚያም ወደ እኛ ሳያዩ፣ «ስለ ሰንሰለት የማውቀው የለም። እኔ እህሌን ነው የጫንኩ፤ ተሳቢው የባለቤቱ ነው» አሉ።

የአባቴን ጋቢ ጎተትኩ። «አባዬ፣ ሰንጋው አንገት ላይ አይቼዋለሁ። ልናገር?»

ጎንበስ ብሎ፣ «ዝም በይ» አለኝ። «ክርስትና ያነሱሽን ሰው አንቺ ሐሰተኛ አታድርጊያቸው።»

ጋቢውን ለቀቅኩ። እሱም ለዳኛው ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ፈርደውበት፣ መንጃ ፈቃዱን ተቀብለውት ወጣን። ከእሳቸው መካድ ይልቅ የእሱ ዝምታ ያቃጠለኝ ቀን ብዙ ነበር።

በገና ዋዜማ ሰንሰለቱ አጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ማን እንዳመጣው የጠየቀ የለም፤ አባቴ ጠቅልሎ ጥንቸሏ ውስጥ አስቀመጠው፣ ከዚያ ወዲያ ዶሮዎች ይተኙባት ነበር። ለፋሲካም ቀሚሱ እንደወትሮው መጣልኝ። አባቴ «ልበሺው» ስላለኝ ለበስኩት፤ በልኬ ነበር።

ዘንድሮ ወደዚህ ስመጣ እትዬ ብርቄ በሶ ይዘው አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ። ጉንጬን ስመው፣ «የክርስትና እናትሽን እንዳትረሺ» አሉኝ።

«አልረሳም፣ እትዬ» አልኳቸው።

በልጅነቴ ማሰሪያ ሲባል የሚታየኝ ብረት ነበር፤ ሰው ለሰው የሚሰጠው ቃል ከዚያም የጠና ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሰው «በእኔ ይሁን» ሲለኝ ዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽ እንዳለው አውቃለሁ፤ ሰዋስው አልጎደለውም። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ሰንሰለቱን እፈልጋለሁ።