በማይል የተገኙ እህቶች

የሻንጣ ነጋዴዎቹ ስሟን ትተው «ኪሎ» ይሏታል። ሻንጣውን በአንድ እጇ ብድግ ታደርግና «አያልፍም፣ ጫማውን ቀንሺ» ትላለች፤ ሚዛኑም ያንኑ ይላል። መጠሪያውን ማን እንዳወጣላት አታስታውስም። ቅር ብሏትም አያውቅ፤ ሰው በሥራው ቢጠራ ምን ነውር አለው።

ሥራዋ መመላለስ ነው። ባዶ ሻንጣ ይዛ ትሄዳለች፣ ሞልታ ትመለሳለች። የሕፃናት ልብስ፣ የሴት ጫማ፣ መጋረጃ፣ ያገኘችውን ሁሉ። ብዙ አገር ዞረች ይባላል እንጂ ያየችው ነገር የለም። የምታውቀው የጅምላ መደብሮቹን ደረጃ፣ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ተዳብላ የምታድርበትን ክፍልና የኤርፖርቱን ወለል ነው። ጉልበቷ ያለቀው እዚያ ወለል ላይ ነው።

በዚህ ሥራ አንድ የተለመደ ነገር አለ። ዕቃሽ ከተፈቀደልሽ በላይ የሆነ እንደሆነ፣ ከኋላሽ ቀለል ያለ ሻንጣ ይዛ የቆመችውን ሴት ታዪና «እህቴ፣ ይችን በስምሽ አስገቢልኝ» ትያታለሽ። የሻንጣ መመዝገቢያው መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ አብራችሁ ናችሁ ወይ ብላ ስትጠይቅ «አዎ፣ እህቴ ናት» ይባላል። ስታርፉ ዕቃሽን ትቀበያለሽ፣ ተመራርቃችሁ ትለያያላችሁ። ኪሎ በዚህ ዓይነት ስንት እህትና ስንት የአክስት ልጅ እንዳፈራች እሷም አታውቀው። ነገ ሌላዋ ስትቸገር እሷም እህት ትሆናለች። ውሸት ነው ብላ አስባው አታውቅም ነበር።

የእውነት እህቷ ግን አንድ ናት። እትዬ ነው የምትላት። በእናት አንድ ሆነው በአባት ይለያያሉ። እናታቸው ስትሞት ኪሎ ገና የወተት ጥርሷ ያልረገፈ ልጅ ነበረች፤ እትዬ ልጇን በአንድ ጎን እሷን በሌላው ጎን አድርጋ አሳደገቻት። ኪሎ መነገድ ስትጀምርም ሱቁን የያዘችው እትዬ ነበረች። የመጣውን ልብስ ትተኩሳለች፣ ዋጋ ትለጥፋለች፣ ከገዢ ጋር ትከራከራለች። ኪሎ ስትሄድ ኤርፖርት ድረስ ትሸኛታለች፣ መስታወቱ በር ላይ ስማት ትመለሳለች። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ አይታ አታውቅም። «ከላይ ሲያዩት ደመናው ጥጥ ይመስላል አሉ» ትል ነበር አንዳንዴ። ኪሎ ደግሞ ሁልጊዜ ተኝታ ስለምትበር ምን እንደሚመስል ልትነግራት አትችልም።

የእትዬ ልጅ አግብታ ባሕር ማዶ ትኖራለች። ስታረግዝ ሲወርድባት፣ ስታረግዝ ሲወርድባት ቆይቶ በመጨረሻ አንዱ ጸናላት። ሐኪም ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት። ባሏ ቀን የሚሠራው አንድ ቦታ ማታ የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው። ደውላ «እማዬ፣ ብቻዬን እፈራለሁ» አለች። እትዬ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የምትተኩሰው ሸሚዝ ላይ እንባዋ ጠብ ጠብ አለ። ኪሎ ያኔውኑ እኔ እልክሻለሁ አለች። ገንዘብ ኖሯት አልነበረም፤ ማይል ነበራት።

በበረርሽ ቁጥር አየር መንገዱ ማይል እያለ ይመዘግብልሻል፤ ሲጠራቀም ነጻ ትኬት ይሆናል። ኪሎ ከዚያ ሁሉ ዓመት መንከራተት በኋላ የወርቅ ቀለም ያለው ካርድ ደርሷት ነበር። በካርዱ ተጠቅማ ግን አታውቅም። ኮምፒውተር አትችልም፣ ትምህርቷንም የተወችው በጊዜ ነው። ስለዚህ ወደ ዘመዴ ሄደች።

ዘመዴ የትኬት ደላላ ነው። ሁሉንም ሰው «ዘመዴ» እያለ ስለሚጠራ መጠሪያው ሆኖ ቀረ። በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ አንድ ጠረጴዛና ፀሐይ ያነጣችው የአውሮፕላን ሥዕል ባለበት ጠባብ ክፍል ይሠራል። ካርዷን አይቶ አፉን በእጁ ያዘ። የእትዬ ትኬት ወጥቶ ገና ብዙ እንደሚተርፋት ነገራት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ዕቃዋ ጉምሩክ ተይዞባት ማስለቀቂያ አጥታ ትንከራተት ነበር።

«ዘመዴ፣ አንቺ እኮ ገንዘብ ላይ ተኝተሽ ነው የምትበደሪው» አላት።

ክልክል አይደለም ወይ ብላ ጠየቀችው። ክልክልማ ነው፣ በቀይ መብራት መሻገርም ክልክል ነው፣ ይኸው ሰው ሁሉ ይሻገር የለም ወይ አላት። እሷም ሳቀች። አሠራሩን አስረዳት፦ ማይሉን የሚገዛው ሰው በካርዷ ላይ የቤተሰብ አባል ተደርጎ ይመዘገባል፣ ከዚያ ትኬቱ በስሙ ይወጣል። ወንድም፣ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ ያልሽውን ማለት ነው። ኪሎ ይህን ስትሰማ ምንም አልከበዳት። ዕድሜ ልኳን መስኮት ላይ ስትሠራው የኖረችው ነገር ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችው። መጀመሪያ የእትዬ ትኬት ይቆረጥ፣ ሽያጩ ከዚያ በኋላ ይሁን አለች። ጭነት ሲመጣ ለቤት የሚሆነውን አስቀድማ አውጥታ የቀረውን ገበያ እንደምታወርደው ማለት ነው። ትኬቱ ልጅቷ ልትወልድ ስትቃረብ ላለው ቀን ተቆረጠ፣ በወረቀት ታትሞ ተሰጣት። እትዬ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀመጠችው። ኪሎም የካርዱን ይለፍ ቃል ለዘመዴ ሰጠችውና ዕቃዋን ከጉምሩክ አወጣች።

በዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን እጅ ያጥራል፤ የሱቁ ኪራይ ጨመረ፣ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ዘመዴም ገዢ አላጣም። በሄደች ቁጥር ማይሉ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥር ይሸጣል። ጫማ የምትነግድ ጓደኛዋ ይህን ሰምታ በጊዜ መክራት ነበር። «ተይ፣ ማይሉ እኮ ያንቺ አይደለም፤ የነሱ ነው። አንዷን ካርዷን ዘግተውባታል» አለቻት።

«ወገቤ የተቆረጠው ለነሱ ነው?» አለች ኪሎ። «በማን ጉልበት መጣና ነው የነሱ የሚሆነው?»

 ኪሎም ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

የመሄጃው ቀን ደረሰ። እትዬ የሕፃን ልብሶቹን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በየመጠናቸው አጥፋ ሻንጣ ሞላች። ፀጉሯን ተሠራች፣ አዲስ ጫማ አደረገች፤ ጫማው ይቆነጥጣታል ግን አላወለቀችውም። ኪሎ ሻንጣዋን ብድግ አድርጋ «ያልፋል» አለቻት። ጎረቤት መርቆ ሸኛቸው። መስታወቱ በር ላይ ሲደርሱ እትዬ እንደ ልማዷ ልትስማትና ልትመለስ ቃጣት፤ ከዚያ ትዝ ሲላት በሳቅ ፈረሰች። ኪሎ እህቷን እንደዚያ ስትስቅ ያየቻት ከልጅነቷ ወዲህ ያን ቀን ነበር።

ጥበቃው ኪሎን ስለሚያውቃት ፓስፖርቷን አይቶ አብራት አስገባት። መመዝገቢያው ጋ ያለችው ልጅ የእትዬን ፓስፖርት ተቀብላ ስትጽፍ ቆየች። እንደገና ጻፈች። ከዚያ ስልክ አነሳች። አለቃዋ መጣ፤ ከረባት ያሰረ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ጎልማሳ ነው።

«እናቴ፣ ይህን ትኬት በስንት ገዙት?» አላት።

ጥያቄው ለእትዬ አልገባትም። «አልገዛሁትም ልጄ። እህቴ ናት የሰጠችኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለ ሰውየው። ሲናገር አልሳቀም፣ አልተቆጣም።

ኪሎ ቀረብ ብላ የካርዱ ባለቤት እሷ መሆኗን ተናገረች። ሰውየው ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞረው። በእሷ ካርድ የሄዱ ሰዎች ስም ተደርድሯል፤ ከየስማቸው ጎን እህት፣ እህት፣ ወንድም፣ እህት ይላል። በቅርቡ ከነዚህ እህቶች አንዷን የኪሎን ስም ቢጠይቋት እንዳላወቀችው፣ ስንት እንደከፈለች ግን ሳትደብቅ እንደነገረቻቸው አጫወታቸው። ማይል የሰው ንብረት አይደለም አለ፤ አየር መንገዱ የሚሰጠው ነው፣ አይሸጥም። የተሸጠበት ካርድ ይዘጋል፣ በካርዱ የወጣ ትኬት ሁሉ ይሰረዛል። ደጋግመው ማስጠንቀቂያ ልከዋል።

ለኪሎ የደረሳት ማስጠንቀቂያ የለም። ዘመዴ ይለፍ ቃሉን የወሰደ ዕለት የስልክ ቁጥሩንም አድራሻውንም በራሱ ቀይሮት ነበር።

እትዬ ያን ሁሉ ስም አየችና ወደ ኪሎ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እነማን ናቸው? እናታችን ከኛ ሌላ ወልዳለች እንዴ?» አለች። ቀልዷን አልነበረም።

ኪሎ ወደ ሰውየው ዞራ «ይቺ የምር እህቴ ናት፤ የእናቴ ልጅ፣ ያሳደገችኝ» እያለች ለመነችው። ሰውየው የሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን አድርጎ አየ። የአባታቸው ስም አይገናኝም። ከተሸጠላቸው ሴቶች አንዷ ግን፣ እንዳጋጣሚ ሆኖ፣ የአባቷ ስም ከኪሎ አባት ስም ጋር አንድ ነበር። በወረቀቱ ከሄድን እህትዎ ያቺ ናት አለ ሰውየው። ይህን ሲል ያዘነ ይመስላል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ፤ እትዬም ሻንጣዋን ራሷ ከሚዛኑ ላይ አወረደችው።

ኪሎ እህቷን ታክሲ ላይ አሳፍራ በቀጥታ ዘመዴ ጋ ሄደች። ተቀምጦ ጥፍሩን ይሞርዳል። ማስጠንቀቂያውን አይቶት እንደነበር አልካደም።

«አይቼማ ነው ቶሎ ቶሎ የሸጥኩልሽ» አለ። «እንዲሁ ሊወስዱብሽ አልነበር? ተጠቀምሽ እኮ፣ ዘመዴ።»

«የእህቴ ትኬት አብሮ እንደሚሰረዝ ታውቅ ነበር?»

ሞረዱን አስቀመጠ። ቁርጡን እንደማያውቅ፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳያዩት የሚያልፍ ነገር መሆኑን ነገራት። እከስሃለሁ ብትለው የት ሄደሽ፣ ምን ሸጥኩ ብለሽ አለና ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም። ሽጪ ብሎ እጇን አልጠመዘዘም። ይለፍ ቃሉን የሰጠችው በገዛ አፏ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቀን ኪሎ እንዴት እንዳሳለፈችው ባታነሳው ትመርጣለች። ገንዘቧ በሙሉ ገና ባልደረሰ ዕቃ ላይ ነበር። ሱቅ ያለውን ልብስ በገዛችበት ዋጋ እንኳ ሳይሆን ባነሰ አወረደችው፤ ጫማ ነጋዴዋ ጓደኛዋ «አላልኩሽም ነበር?» ሳትል ያላትን አበደረቻት። ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ስለነበር አውሮፕላኑ ሁሉ ሞልቷል፣ የተገኘውም ዋጋው እሳት ነው። የእትዬ ቪዛ የሚያበቃበት ቀን እየቀረበ ሄደ። አንድ መቀመጫ ተገኘ ተብሎ ገንዘቡን ቋጥራ ስትሮጥ የእትዬ ልጅ ባል ደወለ። ምጥ ያለ ጊዜው መጥቶባት በኦፕራሲዮን ወልዳለች። እሱ ከሥራ እስኪደርስ አጠገቧ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን በምጥ ላይ ሆና ራሷ ፈርማ ነው የገባችው። ሕፃኑ ደህና ነው፤ እሷ ግን ብዙ ደም ፈሷታል፣ ሌላ ልጅ አትወልድም ብለዋታል።

ልጅቷ መናገር ስትችል ደወለች። እትዬ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ምነው ቀረሽ?» አለች ልጅቷ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ድምፅዋ ደክሞ ነበር።

እትዬ ደም ግፊቷ ተነስቶ ሐኪም እንዳትበር እንደከለከላት ነገረቻት። ይህን ስትል ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም፤ ኪሎ እህቷ ስትዋሽ ሰምታ አታውቅም። ልጅቷም አመነች። አይዞሽ አለቻት፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ አለቻት። ከዚያ አክስቴ እዚያ አለች ወይ ብላ ጠየቀች። ኪሎ አለሁ አለች።

«አክስቴ፣ አንቺማ የምትችይውን አድርገሻል። ለትኬቱ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

ስልኩ ሲዘጋ ኪሎ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እውነቱን ልንገራት፣ ልውቀስ፣ ትርገመኝ ብላ ለመነች። እትዬ ግን አልፈቀደችም።

«ተይው። አንድ አክስት ነው ያላት» አለች።

ኪሎ ብትሰድባት፣ ከቤት ብታባርራት ትመርጥ ነበር። እትዬ ክፉ ቃል አልወጣትም። ሱቁን እንደ ድሮው ትከፍታለች፣ ሒሳቡን እንደ ድሮው ታስረክባለች። ኤርፖርት መሸኘቱን ብቻ ተወችው፤ እግሬን ያመኛል አለች። ስለ ደመናውም ከዚያ በኋላ አላነሳችም።

ኪሎ መመላለሷን አላቆመችም፣ በምን ልትኖር። ካርድ የሌላት ተራ መንገደኛ ሆና በረጅሙ ሰልፍ ትቆማለች። ለራሷ ምንም ሳትገዛ፣ ከጅምላው ላይ እየቆነጠረች ለደርሶ መልስ የሚበቃ አጠራቀመች፤ ይህ ግን ጊዜ ፈጀ። ገንዘቡ የሞላ ዕለት ሱቅ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። የዚህኛው ትኬት በገንዘብ የሚገዛ ነው፣ በስምሽ ነው፣ ማንም አይሰርዘውም፤ ቪዛውን እንጠይቅ አለቻት።

እትዬ ገንዘቡን አየችው፣ አልነካችውም። ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ጀምሯል። እናቱ ወደ ሥራዋ ተመልሳ እሱን መዋያ ታስገባዋለች፤ በስልክ እትዬን ሲያያት ፊቱን እናቱ አንገት ሥር ይደብቃል።

«እኔ የምፈለገው ያኔ ነበር» አለች እትዬ። «አሁን ብሄድ እንግዳ ነኝ።»

ገንዘቡንም መልሳ ወደ ኪሎ ገፋችው። ዕቃ ግዢበት፣ የሕፃናት ልብስ አልቋል አለቻት።