ገብስ ያበቀለው ግድግዳ

ይህን ታሪክ በመጻፌ አስቀድሜ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሞተ ሰው አይወቀስም፤ እኔም አልወቅስም። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ቂም አይዝም፤ እኔም አልያዝኩም። ያየሁትን ሁሉ ሳልረሳ እስከ ዛሬ ያቆየሁት ቂም ይዤ ሳይሆን አእምሮዬ ደህና ስለሆነ ነው። የምጽፈውም ስለ በጎ አገልግሎት፣ ምእመናን ተሰባስበው የአንድ ወንድማቸውን ቤት በነጻ ስለማደሳቸው ነው። ሌላ ነገር ካነበባችሁበት ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ትንሽ ልጅት ሳለሁ፣ ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን፣ ዛሬ የታክሲ ረዳት «ኮልፌ! አሥራ ስምንት!» እያለ ጉሮሮውን የሚያደርቅበት ቦታ ገና የበቅሎ መንገድ ሳለ፣ ቤታችን ከደብራችን ዳገት ሥር ነበረ። ያኔ ሲመሻሽ ተረት የሚነግሩኝ የአባቴ አክስት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነበሩ። ቆባቸው ከጭስ ብዛት መልኩን የለወጠ፣ እጃቸው እንደ ዛፍ ሥር የጠነከረ፣ ድምፃቸው ግን የለሰለሰ ሴት ነበሩ፤ ፍሙ ዳር ቁጭ ብለው፣ ኩራዙ ግማሽ ፊታቸውን ብቻ እያበራ፣ ጅቡንም ቀበሮውንም የሩቅ ዘመድ ይመስል ጠባያቸውን ዘርዝረው ይነግሩኝ ነበር።

እማሆይ ከመመንኮሳቸው በፊት የወለዱት አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ጌታቸው ይባላል። ከደብሩ አጥር አጠገብ በገዛ እጁ ቤት አቆመ፤ ማገሩን አሰረ፤ ጣሪያውን ከደነ፤ ግድግዳውን በጭቃ ሳይመርግ ጣሊያን ገባ። አንድ ጠዋት ወታደሮች መጥተው ወሰዱት። ለአርበኞች ስንቅ ያቀብላል ብሎ የነገረበት ሰው ነበር። ጌታቸው አልተመለሰም። ሳምንት ሳይሞላ የነገረበት ሰው ቤቱ ገባበት።

ሰውየው ግራዝማች ውብሸት ነበሩ። ማዕረጉን ማን እንደ ሰጣቸው የሚያውቅ የለም፤ ጠይቆ የሚያጣራም አልተገኘም። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት «ግራዝማች» ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ እማሆይ «ጆሮው» ይሏቸው ነበር። እኔ ግን ታላላቆቼን አክብሬ ያደግሁ ስለሆንኩ ግራዝማች እያልኩ እቀጥላለሁ።

ወታደሮቹ በደብሩ ግቢ ሰፍረው፣ በቅሎዎቻቸውን ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ ሲያስሩ ከረሙ። ለቀው ሲወጡ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በርግጫ ፈራርሶ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ገጥጦ ነበር። ለበቅሎ ያከማቹትን ገብስ በጆንያ እንደሞላ በዕቃ ቤቱ ቆልፈው ቁልፉን ለግራዝማች ሰጡ፤ ከነፍሬው የታጨደው ነዶም ግቢው ውስጥ ተቆልሎ ቀረ። ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያኑን በደቦ ለማደስ ተነሡ። ያኔ ግን ሰው ያለ ፈቃድ አይሰበሰብም፤ ፈቃዱም የሚገኘው በግራዝማች በኩል ብቻ ነበር። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ ሄደው ለመኗቸው።

«ለእግዜር ቤት ጊዜ ካላችሁ ለእኔም አታጡም» አሉ ግራዝማች። «መጀመሪያ ይህን ቤት ምረጉልኝ። በማገሩ የሚገባው ነፋስ ጆሮዬን አሳመመኝ።»

ቄሰ ገበዙ መልእክቱን ይዘው ሰንበቴ ቤት ሲመለሱ ጠላው ተረሳ። አንዱ ዱላውን አነሣ፤ ሌላው «ተኝቶ ሳለ እሳት እንልቀቅበት» አለ። እማሆይ ከጥግ ሆነው፣ «እንመርግለታለን» አሉ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«የልጄ ቤት ነው። እርቃኑን ቆሞ ሳየው ሆዴን ሲበላኝ ኖሯል። አንድ ነገር ብቻ ተዉልኝ፤ ጭቃውን የማቦካው እኔ ነኝ።»

ቄሰ ገበዙ ትንሽ ፈሩ። «እማሆይ፣ ቂም ይዘው እንዳይሆን…»

«ቂም? እኔ?» አሉ እማሆይ። «እኔ የምይዘው ጭድ ነው።»

ግንቦት ነበር። ወንዶቹ አፈር ቆፈሩ፤ ሴቶቹ ከወንዝ ውኃ አመላለሱ፤ እማሆይ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ተከትያቸው ገባሁ። ለቤተ ክርስቲያኑ የተዘጋጀውን የጤፍ ጭድ «ያ ለባለቤቱ ነው» ብለው ትተው፣ የበቅሎዎቹን ነዶ እያስመጡ ከነፍሬው ይበትኑበት ጀመር። በረገጡ ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ጠጋ ብል ስም ነው፦ ጌታቸው፣ ደምሴ፣ በየነ፣ ቶላ፣ እንደገና ጌታቸው። ከሰፈራችን ተወስደው ያልተመለሱትን በእግራቸው እየቆጠሩ ነበር። ከላይ ጭቃ የሚገለብጡት ወንዶች ሁሉ ገበሬ የወለዳቸው ናቸው፤ ፍሬውን አይተዋል። አንዳቸውም ግን አካፋቸውን አላቆሙም።

ሁሉ ያየውን መናገር የእኔ ዕጣ ሆነ። ግራዝማች ሥራውን ሊጎበኙ መጥተው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ሳለ፣ «እማሆይ፣ ገብሱን ለምንድን ነው ጭቃ ውስጥ የምንጨምረው?» አልኩ፤ ያውም በጩኸት።

አካፋው ሁሉ ቆመ። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ጨበጡ። ግራዝማች ጎንበስ ብለው፣ «ምንድን ነው እሱ? አንቺ መነኩሴ፣ ቤቴ ውስጥ ምን እየጨመርሽ ነው?» አሉ።

እማሆይ ቀና እንኳ አላሉም። «ጌታዬ፣ የድሃ ቤት ጭድ ይበቃዋል። የባለ ማዕረግ ቤት ግን ገብስ ይገባበታል። በአባትዎ ቤት ያዩት መስሎኝ ነው እንጂ አስቀድሜ እነግርዎ ነበር።»

ግራዝማች የአባታቸው ቤት ምን እንደገባበት እኛ አናውቅም፤ እሳቸው ግን የሰውን ፊት አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «አውቃለሁ እንጂ! አያቴ ቤት እንዲያውም ከዚህ ይበዛ ነበር። ታዲያ ይቺን ነው የምትበትኑልኝ? ለእኔ ቤት አይሰሰትም!» ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው አራት ጆንያ ገብስ ከዕቃ ቤቱ አስወጡ፤ የመጀመሪያውን እፍኝም በገዛ እጃቸው በተኑት። እማሆይ በዕድሜያቸው ዋሽተው አያውቁም። ያን ዕለትም ገብስ ይገባበታል አሉ እንጂ አይበቅልም አላሉም።

ጭቃው ሦስት ቀን ተሸፍኖ ቦካ፤ ገብሱም ጠጥቶ አበጠ። በእነዚያ ቀናት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሠራተኞቹ በፍልጥ ቅርፊት እሳት አንድደው እግራቸውን ሲያደርቁ፣ እማሆይ ለእኔ ተረት ይነግራሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግራዝማች ወንበር አስመጥተው መጡ፤ ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ መስማት ይወዱ ነበር።

«አንድ ጅብ ነበረ» አሉ እማሆይ። «በጎቹን ሰብስቦ ‹ቤት ሥሩልኝ› አላቸው። ግልገሎቻቸውን የበላ ጅብ ነው። በጎቹ ግን እሺ ብለው ሠሩለት፤ ያማረ ቤት፣ በሩ ጠበብ ያለ። ጅቡ ያኔ ከስቶ ነበርና ሹልክ ብሎ ገባ። በጎቹም ምግብ ያመላልሱለት፣ እሱም ይበላ ጀመር።»

ግራዝማች ከት ብለው ሳቁ፤ የፍሙ ብርሃን ጥርሳቸው ላይ ተጫወተ። «ኧረ ምን ዓይነት ጅል ጅብ ነው እቴ! ከዚያስ? ወጣ?»

«ገና እየበላ ነው፣ ጌታዬ» አሉ እማሆይ። ተረት ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ማለት ልማዳቸው ነበር፤ ያን ምሽት ግን ሳይሉት ተነሡ።

ቤቱ ተመረገ፤ እንደ እንቁላል ለሰለሰ። እማሆይ ብቻቸውን አንዴ ዞረው በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ግራዝማች ደስ ብሏቸው የፈቃዱን ወረቀት ሰጡ፤ በማግሥቱም ምእመናኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ዞሩ። በአምስተኛው ቀን ግድግዳው አረንጓዴ ጢም አቀመቀመ። በሰባተኛው ቤቱ በሙሉ ጎፈሬ ሆነ። ግራዝማች በምላጭ ሊላጩት ሲታገሉ ዋሉ፤ በስተ ግራ ሲላጩት በስተ ቀኝ ይበቅላል። መንገደኛው ቆሞ፣ «ቤት አዝመራው እንዴት ነው፣ ግራዝማች?» ይላል።

በስምንተኛው ቀን የወታደሮቹ አዛዥ፣ ካፒቴኑ፣ በቅሎዎቹንና ካሚዮን የሚሉትን የጭነት መኪና ይዞ ገብሱን ሊወስድ መጣ። ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፤ አራት ጆንያ ጎደለ። ግራዝማች ለአፍታም አልተንተባተቡም፤ የለመዱት ሥራ ነውና ጣታቸው ቀጥ ብሎ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄደ። «እኚህ ቄስ ናቸው! ለአርበኛ አሳልፈው ሰጥተውታል!» ጌታቸውን የወሰደው ቃል ይኸው ነበር። ወታደሮቹ የቄሰ ገበዙን እጅ የፊጥኝ አሰሩ፤ ሴቶች ጮኹ፤ እኔ የእማሆይን ቀሚስ ጨብጬ ያዝኩ።

ያኔ አንዷ በቅሎ ገመዷን በጥሳ ሄደችና የግራዝማችን ቤት መብላት ጀመረች። በእርጋታ፣ ከጥግ ጀምራ። ሌሎቹም ተከተሏት። ካፒቴኑ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። ሄዶ ከግድግዳው አንድ ጓል ፈለቀቀ፤ በእጁ ሲፈረክሰው ነጭ ሥር ያወጣ ገብስ መዳፉን ሞላው። በአስተርጓሚው፣ «ይህን እዚህ ማን አደረገው?» ብሎ ጠየቀ።

ግራዝማች፣ «እነሱ ናቸው፤ መነኩሴዋ ናት» አሉ። እማሆይ ግን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ልጅ አይዋሽም፤ እሷን ጠይቁ» አሉ።

አስተርጓሚው በርከክ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እውነቱን ተናገርኩ። «ግራዝማች ናቸው። በቁልፋቸው ከፍተው አራት ጆንያ አስመጡ። በእጃቸው በተኑ። ‹ለእኔ ቤት አይሰሰትም› አሉ።» አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ስለ ነዶው ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ከቄሰ ገበዙ እጅ የፈቱት ገመድ ወዲያው ለግራዝማች ዋለ። ካሚዮኑ ላይ ሲጭኗቸው ወደ እኛ እየዞሩ፣ «ምስክር ሁኑልኝ እንጂ! ጎረቤት አይደላችሁም?» ይሉ ነበር። ምእመናኑ በሙሉ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ ቆመው ተመለከቷቸው። ከቤታቸው ዳር በቅሎዎቹ ያኝካሉ። እንደ ጌታቸው ሁሉ እሳቸውም አልተመለሱም። የት እንደደረሱ ጠይቄ አላውቅም፤ ጠይቆ መስማት የጆሮ ሥራ ነው።

በቅሎዎቹ የፈነቀሉት ጭቃ ከግድግዳው ሥር ወድቆ ክረምቱን ጠጣ፤ ገብሱ እዚያው አሸተ። እማሆይ በማጭድ አጨዱት፤ ወቁት፤ ፈጩት። ቤተ ክርስቲያኑ ታድሶ ባለቀ ዕለት ዳቦ አድርገው፣ በጌታቸው ስም፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ለተቀመጡት ነዳያን አደሉት። የልጃቸውንም ቤት እንደገና በጤፍ ጭድ አስመርገው፣ መጠጊያ ላጡት ሰጡት። ያን ዕለት ሲመሻሽ ከፍሙ ዳር ቁጭ ብለን፣ «እማሆይ፣ ጅቡ ወጣ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አወጡት እንጂ እሱማ አልወጣም» አሉ። ከገብሱ ዳቦ ቆረስ አድርገው አፋቸውን ጠረጉበትና በሉት። ለእኔም ቆረሱልኝ። ጣፈጠኝ ብል የነፍስ አባቴ ይቆጡኛል፤ መረረኝ ብል እዋሻለሁ።

እንግዲህ አርጅቻለሁ። ሰው በደቦ ቤት ሲያድስ ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ ጭቃውን አያለሁ፤ ምን ገባበት? እላለሁ። ቂም አይደለም፤ ልማድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ፣ ፍም ከስሞ አመድ ሊሆን ሲል፣ ያ ቀጭን ድምፅ ይመጣብኛል፤ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጥርት ባለ አነጋገር፣ በአንድ ሰው ላይ ስትናገር። እውነት ነበር፤ ግራዝማችም ስለ ጌታቸው የተናገሩት እውነት ነበር፤ ስንቁን ያቀብል ነበርና። ልዩነቱን አንዳንድ ቀን አውቀዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይጠፋብኛል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህን ለማንም አትንገሩ። ኮልፌ ውስጥ ሰው የጠፋው በጥይት ብቻ አይደለም፤ «ሰማሁ» እየተባለም ነው። እኔ ለእናንተ ብቻ ነው የነገርኩት።