የእማማ ዘሃራ ቢጫ ሳምቡሳ

ትናንት ፋሲሎ ሰፈር፣ አንድ ድንች ጥብስ ቤት በር ላይ፣ አንዲት እናት ልጇን «ተይ፣ ኬሚካል አለበት!» ስትላት ሰማሁና ፊቴ በኀፍረት ጋለ።

በደርግ ጊዜ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እማማ ዘሃራ ከተማችን ሐይቅ ዳር ሳምቡሳ ይጠብሱ ነበር። የሞቀው ዘይት ሽታ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ይቀበለናል። ሊጡ ቢጫ ነው። ባላቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ክፍል ስለሚሠሩ፣ ሰው «የጨርቅ ቀለም ይጨምሩበታል» እያለ ያማቸዋል። እኔም ጓደኞቼ እንዲሰሙኝ ብዬ «ከጣሳ ሲጨምሩ በዓይኔ አይቻለሁ» አልሁ። አላየሁም። ወሬው ቀበሌ ደረሰና ባላቸው «የመንግሥት ንብረት ሰርቀሃል» ተብለው ታሰሩ።

በሳምንቱ እማማ ዘሃራ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። መዳፌን ዘርግተው ከያዙት ጣሳ ቢጫ ዱቄት አፈሰሱበት።

«ቅመሽው ልጄ፣ እርድ ነው» አሉኝ። ቀመስሁት፤ እርድ ነበር። «አልቆጣሽም። ብቻ ነይ፣ ቀበሌ አብረን እንሂድና አላየሁም በይልኝ።»

«እናቴን ጠይቄ ልምጣ» ብዬ ሮጥሁ። ከአጥራችን ጀርባ ተደብቄ አየኋቸው። ጣሳቸውን ታቅፈው እስኪመሽ ድረስ እዚያው ቆመው ጠበቁኝ።

ባላቸው መቼ እንደተፈቱ፣ መፈታታቸውንም ቢሆን፣ እስከ ዛሬ ሰው መጠየቅ አፍራለሁ።