የጾም ሰሞን ምሳ ዕቃ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከበራችን ፊት ለፊት ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ከከረመ በኋላ አንድ የህንድ ቤተሰብ ገባበት። አባትየው ሜክሲኮ አካባቢ ኮሌጅ ያስተምራል፤ እናትየው ቤት ትውላለች፤ ልጃቸው ከእኔ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ገባች። ባለቤቴ ወሬ ትወጃለሽ ይለኛል። ወሬ አይደለም፤ የሰው ኑሮ ማወቅ ደስ ይለኛል። ዕቃቸው ሲገባ በሬን ገርበብ አድርጌ አንድ በአንድ አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ከማድቤታቸው የሚንጣጣው ነገር ምን እንደሆነ እስካውቅ ድረስም አላስቀመጠኝም። ለካ ትኩስ ዘይት ላይ የተጣለ ሰናፍጭ ኖሯል።

የትምህርት ቤቱን ደግሞ ልጄ ትነግረኝ ነበር። ልጅቷ አማርኛ ስለማትችል ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ነው የምትውለው። በምሳ ሰዓት ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው መሃል ያደርጉና ሁሉም ከሁሉም ይበላል፤ እሷ መጀመሪያ የራሷን ጭኗ ላይ ይዛ ዞር ብላ ትበላ ነበር። አንድ ቀን ግን እሷም መሃል አስቀመጠችው። ቢጫው ሩዝ ከሁሉም ቀድሞ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ስሟን እየጠሩ ቦታ ይይዙላት ጀመር። እናትየው ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ባዶውን ምሳ ዕቃ እያሳየችኝ ትስቅ ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ሰኞ ምሳ ዕቃው ሞልቶ ተመለሰ። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ጠዋት ልጅቷ የደረጃውን ብረት ይዛ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች፤ እናትየው ምሳ ዕቃውን ከፍታ በሬን አንኳኳች።

«ልጄ ምን አጥፍታ ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ልጄን ጠርቼ ብጠይቃት አቀርቅራ፣ «ጾም ነው እኮ፣ እማዬ» አለች። ጾም መሆኑንና በጾም ሥጋ እንደማይበላ ለእናትየው ነገርኳት። ሴትየዋ ጭራሽ ግራ ተጋባች፤ እነሱ ቤት ሥጋ ገብቶ አያውቅም፣ አያቶቿም ቀምሰው አያውቁም። ይሄ ደግሞ ለእኔ ጉድ ነበር። ዓመቱን ሙሉ? ዓመቱን ሙሉ። ለሠርግም? ለሠርግም። ታዲያ ልጆቹን ምን ነካቸው ብዬ ሩዙን ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ሳደርገው ቅቤው ሸተተኝ። ቅቤና ወተትም በጾም እንደማይበላ ሳስረዳት መጠየቁ የእሷ ተራ ሆነ። ማርስ? ዘይትስ? እስከ መቼ? ልጅቷ ግን ብረቱን አልለቀቀችም። ለሁለት ወር ያህል ብቻዋን ልትበላ እንደሆነ ገብቷታል፤ አንጀቴን በላችው።

እናትየው ከነገ ጀምሮ በዘይት እሠራለሁ አለች። ልጄ ግን ልጆቹ አያምኑም፣ አንድ ሰው ሲሠራ ማየት አለበት አለች። በማግስቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ እነሱ ማድቤት ገባች፤ ምድጃው ከተለኮሰ አንስቶ ምሳ ዕቃው እስኪከደን ድረስ ቆማ ጠበቀች። ቀን ላይ ልጆቹ ሲያመነቱ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዘይት ነው ብላ መሰከረች። ማታ ባዶውን ምሳ ዕቃ ሳይ ልጅቷ የራሴ ልጅ ትመስል ደስ አለኝ።

ፋሲካ ደረሰ። እንደ ልጄ ሥጋ የናፈቀው ሰው በቤታችን አልነበረም። ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ሊጀመር በዋዜማው ለምሳዋ ጥብስ ላዘጋጅላት ሥጋ ስከትፍ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እማዬ፣ ለነገ ሽሮ ሥሪልኝ።»

አሟት ይሆን ብዬ ግንባሯን ዳበስኩ።

«ነገ ሁሉም ሥጋ ነው የሚያመጣው» አለች። «እሷ ከማን ምሳ ዕቃ ትብላ?»

ሥጋውን አስቀምጬ ድስት ጣድኩ። ዘይት ላነሳ እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ቅቤ አድርጊበት እንጂ፤ እነሱ ቤት ቅቤ ይበላል።»