የንግሥቲቱ ኢዳ

ሽማግሌዎቹ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ እንመጣለን ብለው ስለነበር፣ እኔና አማቴ ምሳ እንኳን በቅጡ ሳንበላ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ጉዳዩ የእኔ ነው። ባሌ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ሊሻገር ከጭሮ ከወጣ ስንት ዓመቱ! አብሮት የሄደ የመሰላ ወረዳ ሰው ጀልባዋ ተገልብጣለች ብሎ ደወለ፤ ሬሳውን አይተሃል ወይ ሲሉት ግን አላየሁም አለ። እንግዲህ እኔ ባለትዳር ነኝ ወይስ ባሏ የሞተባት? ማንም የሚነግረኝ የለም። ቃዲው የእናቱን ቃል እንስማ ብለው ሽማግሌ ላኩ። አማቴ ሞቷል ካሉ ሶላት ይሰገድለታል፣ እኔም እንደ ማንኛዋም ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳዬን፣ አራቱን ወር ከዐስር ቀን፣ ቤቴ ተቀምጬ ጨርሼ ነፃ እወጣለሁ። አልሞተም ካሉ ደግሞ እንዳለሁ አለሁ። የቱን ትፈልጊያለሽ ብትሉኝ፣ ወላሂ አላውቅም ነበር።

ዲሹ ያመጣልን የፈረንጅ ፊልም ነው። ጊዜን ወደ ኋላ የሚጓዙ ሰዎች ድሮ ወደ ነበረች የእንግሊዝ ንግሥት ዘመን ይሄዳሉ። አማቴ ምን ይላሉ ባሉ ቁጥር እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ያው የትምህርት ቤት ነው፤ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ፣ አማርኛው ሲያጥረኝ በኦሮምኛ እሞላዋለሁ። ይኼ ሰውዬ የዛሬ ነው የድሮ? ይሉኛል። የዛሬ ነው፣ ግን አሁን ድሮ ነው ያለው እላለሁ። ያልኩት ለእኔም አይገባኝም።

ንግሥቲቱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ባሏ ሞቶባት ነው አልኳቸው። አማቴ ወዲያው ኢዳ ላይ ናት ብለው ደመደሙ፤ ከዚያ በኋላ የፊልሙ ነገር ቀርቶ ንዴታቸው ሁሉ ሴትዮዋ ላይ ሆነ። በኢዳዋ በሠረገላ ስትዞር፣ ባዳ ቤት ስታድር፣ ሃይ የሚላት ዘመድ የላትም እንዴ አሉ። ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ጥቁሩን ያላወለቀችው በራሷ ፈቃድ ነው አልኳቸው። እነዚህ ሰዎች ወደ ኋላ መሄድ ከቻሉ ባሏ ሳይሞት ለምን አላደረሷትም ብለው ጠየቁኝ። እኔ እንጃ፣ ፊልም ነው አልኩ። መልሴ ለራሴም አልጣመኝም።

ከዚያ ደግሞ ጨረቃ ስትወጣ ተኩላ የሚሆን ሰው መጣ። የብረት ፍርግርግ ዘግተውበታል። አማቴ ጅብ ስለሚሆን ሰው ሲሰሙ ያደጉ ናቸውና አልገረማቸውም። ግን ሰው ነው እንዳይሉት ያጓራል፣ አውሬ ነው እንዳይሉት ያለቅሳል።

"አሁን ይኼ ሰው ነው አውሬ?" አሉኝ።

"ሁለቱም ነው፣ እማ።"

"ሁለቱንም ሆኖ እንዴት ይኖራል?"

ይህን ብለው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሱና እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ምን እንዳሰቡ ግራ ገባኝ፤ ሳህን የማነሳ መስዬ ከፊታቸው ዞር አልኩ። ተኩላው ፍርግርጉን ገንጥሎ ሊወጣ ሲል መብራት ሄደ። ሽማግሌዎቹም በዚያው ከባጃጅ ወረዱ።

ዱዓ አድርገው ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ሲሄዱበት አማቴ አላስጨረሷቸውም። ልጄ ሞቷል፣ ሶላቱ ይሰገድለት፣ ቃሌ ይኼው ነው አሉ። ድምፃቸው ንቅንቅ አላለም። ስንት ሌሊት ነፃ አውጣኝ ብዬ የለመንኩት እኔ፣ ማን አይቶት ነው ሞቷል የሚሉት ብዬ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። በልጃቸው ጨከኑ ብዬ ተናደድኩ፣ ደግሞ እግራቸውን ልስም ቃጣኝ።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ፣ "እማ፣ ከልብዎ ነው ሞቷል ያሉት?" አልኳቸው።

"ላንቺ ሞቷል፣ ልጄ። ኢዳሽን ጨርሺና ኑሮሽን ኑሪ። እኔ እናቱ ነኝ፣ እጠብቀዋለሁ።"

መብራቱ ሲመጣ ፊልሙ አልቆ ዜና ይነበባል። ንግሥቲቱ ከተኩላው ታምልጥ አታምልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም። አማቴ ከሳጥናቸው ጥቁር ሻሽ አውጥተው በእጃቸው ራሴ ላይ አሰሩልኝ። እሳቸው ግን የዘወትር ቢጫ ሻሻቸውን አላወለቁም።