ጎረቤቴ አትጸልዪ ያለችኝ ዕለት

አዋሽ ላይ ቁርስ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ብዙ ዓይነት ልመና ሰምቻለሁ። ሹፌሩ ፉሉ ላይ ቃሪያ እንዲበዛለት ይለምናል፣ ረዳቱ ዳቦ እንዲጨመርለት ይለምናል። አትጸልዪ ብሎ የለመነኝ ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት።

ወሎዬ ናት። ሽርጥ፣ የፕላስቲክ ጫማና ስኳር የምትሸጥበት ሱቋ ከእኔ ቁርስ ቤት ጋር ተለጥፏል። ፋሲካ ሲሆን እሷ ሱቋን ዘግታ ታግዘኛለች፤ ኢድ ሲሆን እኔ የእሷን ሰሃን አጥባለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእኛ ነው። ሁለታችንም አንድ አንድ ወንድ ልጅ አለን። የእኔው እዚሁ አዋሽ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። የእሷው ሰመራ ተቀምጦ ጅቡቲ በሚመላለስ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ኳስ እየተራገጡ ነው ያደጉት። አሁን ግን የእኔ ልጅ ለጋራዦቹ ቡድን አጥቂ፣ የእሷ ልጅ ለሰመራ ረዳቶች በረኛ ነው። ሁለቱ ቡድኖች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ይጋጠማሉ፤ አንዱን ዓመት አዋሽ፣ ሌላውን ሰመራ።

የዚያን ዓመት ተራው የአዋሽ ነበር። በጨዋታው ዕለት ጠዋት ፉል ስፈጭ በጓሮ በር ገባችና አጠገቤ ቆመች።

«እታለም፣ ዛሬ አንቺ አትጸልዪ» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳትና ነገሩን ነገረችኝ። ለአንድ የሰመራ ቡድን በረኛ የሚመርጥ ሰው ጨዋታውን ሊያይ ይመጣል። ልጇ ከተመረጠ ሰመራ ይቀራል። ካልተመረጠ ግን በሚቀጥለው ጉዞ ጅቡቲ ላይ ከመኪናው ወርዶ በጀልባ ወደ ሳዑዲ እንደሚሻገር ቁርጡን ነግሯታል። የእህቷ ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። አዋሽ የሚኖር ሰው ይህን መንገድ በወሬ አይደለም የሚያውቀው። ባዶ ሃይላንድ ይዘው በአስፋልቱ ዳር የሚጓዙትን ልጆች ውሃ እየቀዳን የምንሸኛቸው እኛ ነን።

እኔ ስደነግጥ አፌ ይቀድመኛል። አንቺ ለአላህሽ ንገሪ፣ እኔም ለእመቤቴ እነግራለሁ፣ የገዛ ልጄ እየተጫወተ አፌን የምዘጋው በምን ዕዳዬ ነው አልኳት።

«የአንቺም የእኔም ፈጣሪ አንድ ነው፤ ለዚህ እኮ ነው የምለምንሽ» አለች። «አንቺ ወዲያ እኔ ወዲህ ብንጎትተው የማንን ይስማ?»

እሺ አልኳት።

እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። ድስት ሳነሳ «በስመአብ»፣ እንቅፋት ሲመታኝ «እመብርሃን» የምል ሰው ነኝ። ስንት ጊዜ እንደምጸልይ ያወቅሁት መጸለይ የተከለከልኩ ዕለት ነው። እግዜር ኳስ ያያል ወይስ አያይም ብዬም ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም። ልጄ ማልያ ለብሶ ሲወጣ፣ ጉንፋን ሲይዘው እንደምለምነው ሁሉ እለምንለት ነበር፣ አለቀ።

ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ዳኛው ለጋራዦቹ ፔናሊቲ ሰጠ። ኳሷን ያስቀመጠው የእኔ ልጅ፣ ግቡ ላይ የቆመው የእሷ ልጅ። ጎረቤቴ አጠገቤ ሁለት መዳፏን ዘርግታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ቆምኩ። ልጄ ወደ ቀኝ መታ፣ ልጇ በሌላው በኩል ወደቀ። ጋራዡ በሙሉ ሜዳ ገባ። እኔ እልል አላልኩም፤ ነጠላው አሁንም ጥርሴ ውስጥ ነበር።

ዞር ብላ አየችኝ። «ጸለይሽ?»

«አልጸለይኩም።»

«ልብሽስ?»

አፌን እንጂ ልቤን ዝም በል አላልኩትም፣ ብለውም አይሰማኝም። ቤቴ እስክደርስ በንዴት ተቃጠልኩ። ቃሌን ጠብቄ እንደ ቃል አፍራሽ ተቆጠርኩ።

መራጩ ሰውዬ የልጇን ስም እንኳን ሳይጠይቅ ሄደ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቴ ስኳር እንደ ባዳ ትሸጥልኝ ጀመር። ትመዝናለች፣ ትጠቀልላለች፣ «ሌላስ?» ትላለች። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ እቃዬን ይዤ እወጣለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ከእግዜር ጋር እሟገት ነበር። እዚያ አቧራ ውስጥ ቆመህ ኳሷን በየት በኩል እንደምትገባ የምትወስነው አንተ ከሆንክ፣ ምነው ለእኔ አደረግኸው? እኔ ጎል ነው ያገኘሁት፣ እሷ ልጇን ልታጣ ነው። አንተ ካልሆንክ ደግሞ እኔ አፌን የዘጋሁት ለምን ነበር? ወደ ጅቡቲ የሚሄድ መኪና ጥሩንባ በነፋ ቁጥር ይሄኔ እሱ ይሆናል እያልኩ እደነግጥ ነበር። ለልጇ ስል ነበር የምደነግጠው፤ እኔም እኮ አጉርሼ ነው ያሳደግሁት።

አንድ ቀን ጠዋት በሰሃን ተምር ይዛ በጓሮ በር ገባች። ዓይኗ እንባ አዝሎ ፊቷ ይስቃል። ልጇ ደውሎላት ነበር። ተሸንፌማ አልሄድም፣ ፔናሊቲ ገብቶበት ፈረጠጠ ይሉኛል፣ መጀመሪያ ላሸንፋቸው ብሏታል።

«ዱአዬን አልሰማኝም ብዬ ተቀይሜው ነበር» አለች። «እኔ የለመንኩት እንዲቀርልኝ ነው። ይኸው ቀረልኝ።»

ተምሩን እየበላሁ፣ ታዲያ እኔን ምን በድዬሽ ነው እንደ መንገደኛ ስትመዝኚልኝ የከረምሽው አልኳት። ሳቀችና ከእጄ ነጥቃ አንዱን ራሷ በላች። በዚሁ ታረቅን።

ዓመቱ ደህና አለፈ። የልጇ ሹፌር ልጁን ወዶት፣ ሰመራ ዳር ባለ ባዶ ሜዳ መሪ ያስይዘው ጀመር። ለመንጃ ፈቃድ እየተዘጋጀ ነው ብሎ ልጄ ነገረን። ጎረቤቴ ግን አላመነችም፤ ልቡ ባሕሩ ላይ ነው ትላለች። የጨዋታው ቀን ሲቃረብ እህል መቅመስ ተወች። ተሸንፎ የቀረ ልጅ ካሸነፈ ምን ያስቀረዋል? በመጨረሻ መስጊድ ሄዳ አንድ ሽማግሌ ሼህ ጠየቀች፤ እናት ልጇ እንዲሸነፍ ዱአ ብታደርግ ይፈቀድላታል ወይ ብላ። ሼሁ መጀመሪያ ሳቁ አሉ። ቀጥለው ግን ኸይሩን፣ የሚበጀውን ለምኚ፣ ውጤቱን ለአላህ አትንገሪው አሏት።

«ኸይሩ የቱ እንደሆነ እኔ አውቀው የለ እንዴ» አለችኝ እንደ መቆጣት ብላ። «ስለዚህ ዘንድሮ አንቺም ጸልዪ። የምታውቂውን ሁሉ ጸልዪ።»

አምና አፌን ዘጋች፣ ዘንድሮ ከፈተችው፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እሺ አልኳትና ከእመቤቴ ሥዕል ፊት ስቆም ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ። ልጄ እንዲያሸንፍ መለመኑን ለምጄዋለሁ። የእሷ ልጅ ይሸነፍ ማለት ግን ከበደኝ። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ያን ሁሉ ዓመት ለልጄ ድል ስለምን የአንዲቱን እናት ልጅ ሽንፈት እየለመንኩ ኖሬያለሁ። ቢሆንም ለመንኩ። ልጇ ተሸንፎ ይኑርልን አልኩ።

ከጋራዦቹ ጋር በኮንትራት ሚኒባስ ሰመራ ወረድን። የምንጠጣውን ውሃ በጄሪካን ይዤ እግሬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሰመራ ነፋሱ ራሱ ይለበልባል። ፀሐይዋ በረድ እስክትል ሜዳው ዳር በቆሙ ባጃጆች ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ጨዋታው ሲጀመር ሄደን ከልጇ ግብ ኋላ ቆምን። ልጇ ሲያየን ሮጦ መጥቶ ሁለታችንንም ትከሻ ትከሻችንን ሳመን።

«እማ፣ ዱአሽ አይለየኝ» አላት።

«አሚን» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ሰመራዎቹ ቀድመው አገቡ። ጋራዦቹ ቢሉ ቢሠሩ አልሆነላቸውም። ሊያልቅ ሲል እንደገና ፔናሊቲ፣ እንደገና የእኔ ልጅ። እሷ መዳፏን ዘረጋች። እኔ እመብርሃንን ድምፄን አውጥቼ ጠራሁ። አምና ወዲያና ወዲህ የጎተትነውን ዘንድሮ በአንድ በኩል ሳብነው። ልጄ መታ። ልጇ እንደ ድመት ተወርውሮ ኳሷን በሁለት እጁ መለሳት። ዳኛው ወዲያው ፊሽካ ነፋ።

የሰመራ ሰው ሜዳውን ሞላው። እኔ በእግዜር ከልቤ ተናደድኩ። ሁለት ሆነን፣ በሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ነገር ብቻ ለመንንህ፣ እሷን እንኳን ብትሰማን ምን ነበረበት አልኩት። የገዛ ልጄ ራሱን ይዞ መቀመጡን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ጎረቤቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ሰዉ በረኛው የእሷ ልጅ መሆኑን ሰምቶ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል፤ እሷም በልማድ እንኳን አብሮ ደስ አለን ትላለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ሁለቱ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው መጡ። ጎረቤቴ ተነስታ ቆመች። ሰላምታም አላስቀደመች።

«እንግዲህ መቼ ነው የምትሄደው?»

ልጇ ግራ ገብቶት አያት። «ወዴት?»

እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ቆይቶ ገባው። አንገቱን ደፋ። ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀና እጇ ላይ አኖረላት።

«በላብ ገምቷል፤ እጠቢልኝ» አላት። «እሁድ ልምምድ አለን።»

እሷ ጓንቱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ከዚያ ዞር ብላ ጄሪካኑን አምጪ አለችኝ። የመንገዳችን ውሃ ነው፣ እስከ አዋሽ ምን ልንጠጣ ነው አልኳት። አልሰማችኝም፤ እዚያው አቧራው ላይ ተንበርክካ ታሻሸው ጀመር። እኔም ከሚኒባሱ አምጥቼ፣ አጎንብሼ ቀዳሁላት። ከጓንቱ የሚወርደው ውሃ ቀይ አፈር ይመስል ነበር።

«ጨምሪ» አለችኝ።

ጨመርኩላት።